«የማን ልጅ ነህ?»፦ የጉዲፈቻ ልጆችን ለጥያቄ ስለ ማዘጋጀት

በአገራችን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በጤና ጣቢያ ሲመዘገብ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይጠየቃል፤ በመንገድ ያገኙት ሽማግሌም «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ጥያቄው ለብዙዎቹ ልጆች ቀላል ነው። በጉዲፈቻ ለሚያድገው ግን ከባድ ሊሆንበት ይችላል።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት አዲስ ቤተሰብ የሚያገኙት እዚሁ በየአጥቢያችን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውንም ትስስር አያቋርጥበትም። እንግዲህ ልጁ ያሳደጉትን «አባቴና እናቴ» ሲል እውነት ይናገራል፤ የወለደችውን ሲያስብም ማንንም አልከዳም።

ልጅን ለጥያቄ ማዘጋጀት የሚቻለው አስቀድሞ እውነቱን ሲያውቅ ነው። ብዙ አሳዳጊዎች ከፍቅርም ከሐሜት ፍርሃትም የተነሣ ነገሩን ይሸሽጋሉ። ነገር ግን ጎረቤት ያውቃል፤ የክርስትና አባቱም ያውቃል። ልጁ ብቻ ሳያውቅ ይቆይና አንድ ቀን በልጆች ጠብ መካከል እንደ ስድብ ተወርውሮ ይሰማዋል። ስለዚህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ በዕድሜው ልክ፣ ጥቂት በጥቂት ሊነገረው ይገባል። ያልታወቀውን በሚያጽናና ተረት መሙላት ግን አያስፈልግም፤ «ይህን እኛም አናውቅም» ማለት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ማወቅ ያለበት፣ የሚያሳፍር ነገር ባይኖርም ለጠየቀ ሁሉ ታሪኩን የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ባህል አንድ ችግር አለው፤ ታላቅ ሲጠይቅ ዝም ማለት ወይም «አልናገርም» ማለት እንደ ብልግና ይቆጠራል። ልጁ አክብሮቱን ሳያጎድል የሚያመልጥበት ቃል ያስፈልገዋል፤ «እሱን እማዬን ይጠይቋት» የሚለው መልካም ነው። እናቲቱም ስትጠየቅ በልጁ ፊት ዝርዝሩን ከዘረገፈችው ልፋቱ ከንቱ ነው።

ለእኩዮቹ አጭር መልስ ይሻላል። «እውነተኛ እናትህ የት ናት?» ለሚለው «እናቴ ቤት ናት፤ የወለደችኝ ሌላ ናት» ብሎ ወደ ጨዋታው መመለስ ይችላል። እጅግ የሚያቆስለው «ለምን ጣለችህ?» የሚለው ነው፤ ጥያቄው አስቀድሞ ፈርዷልና። ልጁ «ጣለች» የሚለውን ቃል መቀበል የለበትም። ምክንያቱ የታወቀ ከሆነ «ልታሳድገኝ አልቻለችም» ይበል፤ ካልታወቀም «ስለ እሷ እንዲህ አትበል» ብሎ መሄድ ይችላል። እነዚህን መልሶች በቤት ውስጥ ከወላጆቹ ጋር እየተጫወተ ቢለማመድ፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ አንደበቱ አይያዝም። አንዳንድ ቀን ለመመለስ ፈቃደኛ ላይሆን ይችላል፤ እሱም መልስ ነው።

ከጥያቄ የማይቆጠሩ ግን መልስ የሚያስጨንቁ ንግግሮችም አሉ። «ዕድለኛ ነህ፤ ያሳደጉህን አመስግን» ይሉታል። ወላጆቹንም በእሱ ፊት «ጽድቅ ሠራችሁ» እያሉ ያመሰግኗቸዋል። በቅን ልብ የሚነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ልጁ የሚሰማው በዚያ ቤት የተቀመጠው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ምጽዋት ተቀባይ መሆኑን ነው። ይህን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ስለሆነ፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ቀድመው ሊታረሙና ሊያርሙ ይችላሉ።

ለጽሕፈት ቤቱም የምንለው አለ። የክርስትና ምስክር ወረቀት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲሆን ስለ ወላጆች የሚነሣው ጥያቄ ተሰላፊው ሁሉ በሚሰማበት አይጠየቅ፤ አሳዳጊውን ለብቻ ማነጋገር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም በፈርዖን ልጅ ቤት ስላደገው ስለ ሙሴ፣ መርዶክዮስ ስላሳደጋት ስለ አስቴር ሲያስተምሩ ታሪኩን ለሁሉም እኩል ይንገሩ እንጂ፣ የሁሉም ዓይን ወደ አንዱ ልጅ እንዲዞር አያድርጉ።