ጂፕሰም ቦርድ እንዴት ይሠራል? ሠሪውስ በምን ይታወቃል?

ኮልፌ አጠና ተራ ስሙን የወረሰው ከባሕር ዛፍ አጠና ገበያው ነው። በአካባቢው ያሉት ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶችም የቆሙት በዚያው አጠና፣ በማገርና ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ ነው። ዛሬ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አቡጀዲ የነበረው ኮርኒስ መጀመሪያ ችፑድ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ጂፕሰም። ሳሎኑ በጂፕሰም ቦርድ ተሸፍኗል፤ አንዱ ሰፊ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ልጆቹ የራሳቸው መኝታ አግኝተዋል። ሥራው ፈጣን ነው፣ ያምራል። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ግን መጋጠሚያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብቅ ይላል፣ ቡናማ እድፍም ይከተላል፣ ባለቤቱም «ይሄ ጂፕሰም አይረባም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጂፕሰሙ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ወይ ከኋላው ካለው ክፈፍ ነው፣ ወይ ከውሃው።

ጂፕሰም ቦርድ ማለት በሁለት ወረቀት መካከል የረጋ ጄሶ ነው። የጄሶው ድንጋይ በአገራችን በዓባይ በረሃ፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው ሸለቆ ይገኛል። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጋገር ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛውን አጥቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ ያጣውን መልሶ ይወስድና ቀጫጭን ክሪስታሎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይጠነክራሉ። ባልዲውን ቢነኩት ይሞቃል። እሳት ሲነሳም ያው የታሰረ ውሃ በእንፋሎት እየወጣ ሙቀቱን ያዘገያል፤ ቤት ከቤት በተጣበቀበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጄሶንና ወረቀትን ደራርቦ ሰሌዳ የመሥራትን ሐሳብ አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት በባለቤትነት ያስመዘገበው በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ መትከል በጀመረችበት ዘመን ማለት ነው።

ቦርዱ ቤት አይሸከምም። የሚይዘው ከኋላው የሚቆመው የብረት ፕሮፋይል ወይም ሞራሌ ነው። ቦርዱ 1.20 ሜትር ስለሚሰፋ ቋሚዎቹ በየ40 ወይም በየ60 ሴንቲሜትር ይተከላሉ፤ ያኔ የቦርዱ ጠርዝ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ያርፋል። በጭቃ ቤት ትልቁ ስህተት ቦርዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መምታት ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ጂፕሰሙ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ክፈፉ ከግድግዳው ትንሽ ርቆ፣ ከወለሉና ከጣራው እንጨት ጋር ታስሮ ለብቻው ይቁም። ግድግዳውን የግድ መያዝ ካለበትም ብሎኑ አጠናውን ያግኝ፣ ጭቃውን አይደለም። የቦርዱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ወረቀቱ ውሃ ይመጥጣልና።

ቴሌቪዥን ወይም መደርደሪያ የት እንደሚሰቀል ደግሞ ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ይወሰን። እዚያ ቦታ ከኋላ አንድ ሞራሌ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ራስ ምታት ነው። የኤሌክትሪክ ቱቦም እንዲሁ።

ብሎን ሲታሰር ጭንቅላቱ ወረቀቱን ሳይቀድ ትንሽ መስመጥ አለበት። ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑ የያዘው ደረቅ ጄሶ ብቻ ነው፣ እሱም ይለቃል። መጋጠሚያው ላይ ቴፕ ይለጠፋል፣ በላዩ ሙሌት ሦስት ጊዜ ይቀባል፣ እያንዳንዱም ከፊተኛው ሰፋ ይላል። ቴፑን መዝለል ለሠሪው ግማሽ ቀን ያተርፍለታል፣ ለእርስዎ ስንጥቅ ያተርፍልዎታል።

ሠሪ ሲመርጡ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ብዙ አይመልከቱ፤ ፎቶ የሚነሳው ሥራው ባለቀ ዕለት ነው። ባልዲውን ይዩ። ትናንት የረጋ ጄሶ ጠርዙ ላይ የቀረበት ባልዲ ለዛሬው እንደ እርሾ ነው፤ የቀሩት ክሪስታሎች አዲሱን ያጣድፉትና ገና ሳይቀባ ይረጋል። ያኔ ያልለመደ ሠሪ ውሃ ጨምሮ ያማስለዋል። መርጋት የጀመረ ጄሶ ውሃ ሲጨመርበት የሚለሰልስ ይመስላል እንጂ የተጠላለፈው ክሪስታል ተሰባብሯል፤ በኋላ በጥፍር ይፈረፈራል። ባልዲውን በየዙሩ የሚያጥብ፣ ጥቂት ጥቂት የሚበጠብጥ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ቀጭን ስንጥቅ ከሆነ በቢላ ትንሽ ይከፈት፣ ቴፕ ይለጠፍበት፣ ይሞላ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ሲሆን አራት ማዕዘን ተደርጎ ይቆረጥ፣ ከኋላ ቁራጭ እንጨት ይታሰር፣ በልኩ የተቆረጠ ቦርድ ይገጠምበት። እድፍ ያለበትን ግን ቀለም አይቀቡት። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሚስማር ላልቶ ወይም ከቤቱ ኋላ ያለው ቦይ ሞልቶ ይሆናል፤ እሱ ሳይስተካከል የሚደረግ ነገር ሁሉ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ረጥቦ የተንጠለጠለ ቦርድ ደግሞ ተቀይሮ እንጂ ተጠግኖ አይድንም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አንድ ነገር ልብ ይበል። በከተማው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለክፍል መክፈያ ከዋሉት አንዱ አግሮስቶን ነው፤ ሲመቱት ከጂፕሰም ጋር ቢመሳሰልም ማያያዣው የማግኒዝየም ውህድ ነው፣ በውስጡም የሸንኮራ አገዳ ገለባ አለ። በእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ውስጥ የሚቀር ማግኒዝየም ክሎራይድ እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ያዝጋል። ስለዚህ የማይዝግ ብሎን ይጠቀሙ፤ በመታጠቢያ ቤት በኩል ያለውን ገጽም ከውሃ ይጠብቁ።

ዋጋው የሚነገረው በካሬ ነው። የእጅ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው? በርና መስኮቱ ከካሬው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ፍርስራሹን ማን ያወጣል? ጭቅጭቅ የሚነሳው ከእነዚህ ስለሆነ በአንዲት ወረቀት ይጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ክፍያውን ይከፋፍሉት፤ አንዱ ክፈፉ ቆሞ ገና ሳይዘጋ በዓይንዎ ሲያዩት፣ አንዱ ቦርዱ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ሙሌቱ ደርቆ ሲታሽ። የመጨረሻውን ከመስጠትዎ በፊት ሲመሽ የስልክዎን መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግተው ያብሩ፤ ቀን የተደበቀው እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል።

ቀብድ ከሰጡ ደግሞ ሕጉን ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የሰጡት የዕቃ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ።

ጊዜ ካለዎት ከሰኔ በፊት ጣራውንና ቦዩን ያሳዩ፤ ጂፕሰሙን ግን ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ያስጀምሩ።