ነጯ ቪትዝ ቀይ ስትሆን

በፎቶ ላይ የመኪና ቀለም መቀየር ለሚያየው ሰው የልጅ ጨዋታ ነው። ፎቶሾፕ ይከፈታል፣ የመኪናው አካል ይመረጣል፣ ሂዩ የምትባለዋ ማንሸራተቻ ትጎተታለች፤ ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። ስለ አመራረጡ ብዙ አልልም፤ በፔን ቱል ጠርዙን ተከትሎ መዞር ነው። መስታወት፣ መብራት፣ ጎማና ታርጋ አይነኩም።

ጣጣው ያለው ነጭ መኪና ላይ ነው። አንድ ደንበኛዬ የነጭ ቪትዛቸውን ፎቶ ይዘው መጡ፤ ከኋላ በኩል የተነሳ ነው። «ጋራዥ ሳላስገባት ቀይ ሆና ልያት» አሉኝ። ማንሸራተቻዋን ከዳር እስከ ዳር ብጎትታት፣ ሰማዩ ትንሽ ካረፈባት ቦታ በቀር መኪናዋ ያው ነጭ ናት።

«ተበላሸ እንዴ ልጄ?»

አልተበላሸም ጋሼ። ሂዩ ያለውን ቀለም ያዞራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ደግሞ የሚዞር ቀለም የላቸውም።

እዚህ ላይ የሚያዋጣው መልቲፕላይ ነው። ቀይ ሌየር ከላይ ይነጠፋል፤ የእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር በቀዩ ቁጥር ተባዝቶ ለ255 ይካፈላል። ነጭ 255 ስለሆነ ቀዩን ራሱን ይሰጣል፤ ጥቁር 0 ስለሆነ ጥቁር ይቀራል፤ ጥላውም ከቦታው አይነቃነቅም። (ሌየር ፎቶሾፕ ውስጥ ከገባ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ዛሬም ዋናው ፎቶ ላይ በቀጥታ የሚቀባ ባለሙያ ሳይ ግን እጄን ይበላኛል።)

ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል። መኪናው ግን ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ይመስላል። ምክንያቱን ያስረዳኝ ፎቶሾፕ ከፍቶ የማያውቅ የጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው። ማስኩን አውልቆ፣ ገና የረጨውን ኮፈን እያሳየኝ፣ «ወንድሜ፣ የሚያብረቀርቀው ቀለሙ መሰለህ? ክሊሩ ነው። ክሊር ደግሞ ቀለም የለውም» አለኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሰማዩ የሚንጸባረቀው ከላይ ካለው ክሊር ላይ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ነጸብራቁ የሰማዩን መልክ እንደያዘ ይቀራል። ነጭ መኪና ይህን ይደብቃል፤ ነጭ በነጭ ላይ ምኑ ይታያል? መልቲፕላይ ደግሞ ቀለሙንም ነጸብራቁንም ሳይለይ ያቀላል። ስለዚህ ከላይ ሌላ ሌየር እጨምርና ጣሪያውና የበሩ ትከሻ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ፈዛዛ የሰማይ ብርሃን እመልሳለሁ። በሩ ሥር አስፋልቱ ጠቆር ብሎ ይገባል። ቀለም ከመቀየሩ ይልቅ ሰዓት የሚበላው ይህ ነው።

ለሽያጭ ብለው እንዲህ የሚያሳምሩ ደላሎችም አሉ፤ ፎቶው ቀይ፣ ሊብሬው ነጭ። እኔ ለእነሱ አልሠራም።

ጨርሼ፣ ኮራ ብዬ ስክሪኑን ወደ ጋሼ አዞርኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ።

«ቆንጆ ናት» አሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን የጎን መስታወቷ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ውስጥ የሚታየው በር ግን የማን ነው? ነጭ ነው።»