ጋኑን የተካው በርሜል

ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ለጋን የሚሆን ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ጋን ከባድ ነው፤ ወደ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ማውጣቱ ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል። ከሞላ በኋላ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ አንዴ ከተሰነጠቀም ዳግም ለጠላ አይሆንም። ስለዚህ ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለዝክርና ለሠርግ የሚጠምቁ እናቶች ቀስ በቀስ ፊታቸውን ወደ ፕላስቲክ በርሜል አዙረዋል። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል ተቀምጠው ጌሾ ከአገር ቤት እያስላኩ የሚጠምቁት ደግሞ ጋን ከየት ያመጣሉ? አብዛኞቹ ከመነሻውም የጀመሩት በፕላስቲክ ነው።

ይህን ለውጥ የጥበብ መጥፋት አድርገው የሚያዝኑበት ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። በርሜሉ በአግባቡ ከተመረጠና ከተያዘ ጥሩ ጠላም ጥሩ ጠጅም ይወጣዋል። የሚያሳስበኝ ዕቃውን ቀይረን እጃችንን አለመቀየራችን ነው። ጋን ያጠብንበት እጅ ለፕላስቲክ ጠላት ነው።

ጋን ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ይመጥጣል። የቀድሞው ጥንስስ ርዝራዥ፣ እርሾውም ሆነ የሚያኮመጥጠው ተሕዋስ፣ በግድግዳው ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። እናቶቻችን ይህን በልምድ አውቀው ነው ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥብቀው የሚፈትጉት፣ አጥበው የሚያደርቁት፣ ከዚያም አፉን ደፍተው በወይራ ጢስ የሚያጥኑት። ጢሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለጠላው መዓዛና ቀለም ይሰጣል፣ በግድግዳው ላይ የቀረውንም ተሕዋስ ያዳክማል። መፈተጉና ማጠኑ ለሸክላ የተቀመሩ ናቸው። ፕላስቲክን ስንፈትገው እንጭረዋለን፤ ስናጥነው እናቀልጠዋለን፣ ባይቀልጥ እንኳ ጢሱ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ከባዶ መጀመር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ምርጫው። በርሜሉን ገልብጡና ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ፈልጉ። ይህ የቁጥር ሥርዓት በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፕላስቲክ አምራቾች የወጣ ሲሆን የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል። 2 ቁጥር ኤች.ዲ.ፒ.ኢ የሚባለው ጠንካራና ነጣ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ የቢራ ጠማቂዎች ባልዲ በአብዛኛው የሚሠራው ከእሱ ነው። 5 ቁጥር ፒ.ፒ ነው፤ ሙቀት ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። 1 ቁጥር ፒ.ኢ.ቲ ነው፤ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለው። እነዚህ ሦስቱ ለመጠጥ ይሆናሉ። 3 ቁጥር ፒ.ቪ.ሲ ነውና ተዉት፤ 6 ቁጥርም አይሆንም፤ 7 ቁጥር የልዩ ልዩ ፕላስቲኮች መሰብሰቢያ ስለሆነ ምንነቱ ካልታወቀ አይገዛም።

ቁጥሩ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዓይነቱ እንጂ ለምግብ ስለመሆኑ አይደለም። የሞተር ዘይት መያዣውም የወተት መያዣውም 2 ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የተጨመረበት ቀለም፣ የተቀላቀለበት አሮጌ ፕላስቲክና የተሠራበት ንጽሕና ላይ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የብርጭቆና የሹካ ሥዕል አለ ወይ ብላችሁ እዩ፤ ይህ ዕቃው ከምግብ ጋር እንዲነካካ ታስቦ መሠራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ በርሜሎች ብዙ ጊዜ ይህ ምልክት የላቸውም። ነጭ ወይም ቀለም ያልገባበት በርሜል ምረጡ፤ ቆሻሻውም ጭረቱም ይታይበታል።

ከቁጥርና ከምልክት በላይ የሚበልጠው ግን የበርሜሉ ያለፈ ሕይወት ነው። ፕላስቲክ ከላይ ሲታይ ድፍን ይምሰል እንጂ ሽታና ቅባት ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ ነዳጅ ወይም የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት በርሜል በአሥር ውሃ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም፤ የሰረገው መርዝ ቀስ እያለ ይወጣል፣ አልኮልና ጎምዛዛ ፈሳሽ ደግሞ መውጣቱን ያግዙታል። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም። ሻጩ በፊት ምን እንደነበረበት በእርግጠኝነት መናገር ካልቻለ አትግዙ።

በየቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካንስ? እሱ የመጣው ከምግብ ዘይት ጋር ስለሆነ መርዝ አይፈራበትም። ይሁን እንጂ ለመጥመቂያ አልመክረውም። የዘይቱ ቅባት ከግድግዳው ፈጽሞ አይለቅም፤ ውሎ ሲያድር ይሻግትና ሽታው ወደ ጠላው ይገባል። ከዚያም በላይ አንገቱ ጠባብ ነው። እጅ የማይገባበት ዕቃ ታጠበ ብሎ መናገር አይቻልም፤ የጌሾው እንጨትና የድፍድፉ ጓል ከመያዣው ሥር ተወትፎ ቢቀር እንኳ ማን ያየዋል? ጀሪካን የተጠለለ ጠላ ለአንድ ቀን መንገድ ማጓጓዣ ከሆነ ይበቃዋል። ለመጥመቂያ አፈ ሰፊ፣ ክንድ እስከ ሥሩ የሚደርስበት፣ ክዳኑ ግጥም የሚል በርሜል ነው የሚፈለገው።

መጠኑን ስታስቡ የበርሜሉን አንድ አምስተኛ ለአረፋ ተዉለት። 20 ሊትር ጠላ ለመጥመቅ 25 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ያስፈልጋል፤ ድፍድፉ ሲነሣ ወደ ላይ ይገፋል። ግጥም ያለ ክዳን ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። 1 ኪሎ ስኳር ተብላልቶ ሲያልቅ ከ250 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። የጋን አፍ በጨርቅም ሆነ በጭቃ ቢመረግ ጋዙ የሚሾልክበት አያጣም፤ ፕላስቲክ ግን እስኪነፋ፣ ክዳኑም እስኪፈነጠር ይይዘዋል። ለዚህ ኤርሎክ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ክዳኑ ላይ ይሰካል፣ በውስጡ ባለው ውሃ በኩል ጋዙን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ አየር ግን አያስገባም። ከሌለም በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ንጹሕ ቱቦ አስገብቶ ጫፉን ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ መንከር ያንኑ ይሠራል።

አየር ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጠላን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ተሕዋስ ያለ አየር አይሠራም። 2 ቁጥር ፕላስቲክ ደግሞ በጣም በዝግታም ቢሆን ኦክስጅን ያሳልፋል። ጠላ በሳምንት በሁለት ሳምንት ስለሚጠጣ ይህ አያስጨንቀውም። ለወራት የሚቀመጥ ጠጅ ግን ከተጠለለ በኋላ ወደ መስታወት ቢዛወር ይሻላል፤ መስታወት ከሌለ የ1 ቁጥሩ ፒ.ኢ.ቲ ይከተላል። ቧንቧ ያለው በርሜል የምትገዙ ከሆነ ቧንቧው ከሥሩ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ የተተከለ ይሁን፤ አለዚያ መጀመሪያ የምትቀዱት አተላውን ነው።

አሁን ወደ እጥበቱ። በርሜሉ በተራገፈበት ሰዓት ይታጠብ። አተላ ግድግዳው ላይ ከደረቀ መፈተግ ሊያስፈልግ ነው፤ መፈተግ ደግሞ ጭረት ያመጣል። ጭረት ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ዓይን በማያየው ስንጥቅ ውስጥ ተሕዋሳት ተደራርበው ይሰፍሩና ልባጭ ያበጃሉ፤ ያ ልባጭ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከልላቸዋል። ስለዚህ የሽቦ ማጠቢያ፣ አሸዋ፣ አመድ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ የስፖንጁ ሻካራ ጎንም ጭምር ከበርሜሉ ይራቁ። ግራዋውንም ቢሆን ለጋኑ እንተውለት።

ለፕላስቲክ የሚሠራው ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ከዚያ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ የማጠቢያ ሶዳ ወይም ሽቶ የሌለበት የኦክስጅን ማጽጃ ዱቄት ጨምሩበትና ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ዘፍዝፉት። ጠዋት ላይ ቆሻሻው በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይለቃል። ሽታው ኃይለኛ የሆነ የዱቄት ሳሙና አይጠቅምም፤ ፕላስቲኩ ሽቶውን መጥጦ ለሚቀጥለው ጠላ ያስረክባል። የፈላ ውሃም አትገልብጡበት። 2 ቁጥር በፈላ ውሃ ባይቀልጥም ይለሰልሳል፣ ቅርፁ ይዛባል፣ ክዳኑ መግጠም ያቆማል፤ ፒ.ኢ.ቲ ደግሞ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጨማደዳል። እንኩሮውንም ሆነ ቂጣውን ትኩስ ሳለ በርሜል ውስጥ የምትጨምሩ ካላችሁ በዚሁ ምክንያት ቀዝቀዝ እስኪል ታገሡ።

ቧንቧው ተፈትቶ ካልታጠበ በርሜሉ አልታጠበም። ከቧንቧው ጀርባ ያለው የጎማ ቀለበት፣ የሚሾርበት ጉሮሮ፣ በክዳኑ ጠርዝ ውስጥ የተቀበረው ጎማ፣ የተረገመው ሽታ የሚደበቀው እዚያ ነው። የጠላቸው መኮምጠጥ ግራ ያጋባቸው ሰዎች ቧንቧውን ፈትተው ውስጡን ቢያዩ ብዙ ጊዜ መልሱን ያገኙታል።

ማጠብና ማምከን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማጠብ የሚታየውን ያነሣል፣ ማምከን የማይታየውን ይገድላል፣ ባልታጠበ ዕቃ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ግን ከንቱ ነው። በየቤቱ ያለው ማምከኛ በረኪና ነው። 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው፣ ሽቶ ከሌለበት በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ግድግዳውን ሁሉ እንዲነካ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ማለቅለቁ ላይ አጥብቄ የምናገረው በተለይ ለጠላ ነው። የበረኪናው ክሎሪን በብቅልና በጢስ ውስጥ ካሉት ፊኖል ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲገናኝ የሆስፒታል መድኃኒት የሚሸት ውሕድ ይፈጥራል። እጅግ ጥቂቱ ይበቃል፤ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል፤ ማስወገጃም የለውም። የቧንቧ ውሃም ክሎሪን ስላለበት ከመጥመቁ በፊት ክፍት ሆኖ ቢያድር ወይም ቢፈላ ደግ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን ይህ አይበቃችሁም፤ የከተማው ውሃ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚታከመው ሲያድር በማይለቅ ክሎራሚን ስለሆነ፣ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ መደብሮች የሚሸጡትን ለዚሁ የሚሆን ክኒን መጠቀም ያስፈልጋል። እዚያው የሚገኘው በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራ ማምከኛም ከበረኪና ይሻላል፤ በመመሪያው መጠን ከተበጠበጠ መለቅለቅ አያስፈልገውም።

ጢሱስ? ያለ ወይራ ጢስ ጠላ ጠላ አይመስለኝም የሚል ሰው እውነት አለው። መፍትሔው በርሜሉን ሳይሆን በርሜሉ ውስጥ የሚገባውን ማጠን ነው። አንዲት ትንሽ እንስራ ታጥና የመጥመቂያው ውሃ ከፊሉ ሌሊቱን በእሷ ውስጥ ቢያድር ጢሱን ይዞ ይመጣል። ወይም የተጠለለው ጠላ ከመቅረቡ በፊት ለአንድ ሌሊት ወደ ታጠነች እንስራ ይገልበጥ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መዓዛው ትኩስ ሆኖ ይቀርባል፣ በርሜሉም ጢስ ጢስ ሳይል ለጠጅ ይተርፋል። ይሁንና ከተቻለ ለጠላ አንድ፣ ለጠጅ ሌላ መያዝ የተሻለ ነው።

የታጠበው በርሜል ተደፍቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በጥላ ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ የተከደነ በርሜል ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ደግሞ ይሰባበራል። ለቀጣዩ በዓል ስታወጡት ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ ከድናችሁ አሳድሩትና ጠዋት ከፍታችሁ አሽትቱ። ውሃው ምንም ካልሸተተ ጠንስሱ። ከሸተተ፣ ወይም ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካገኛችሁ፣ ያ በርሜል ለእህል ማስቀመጫ ይሁን፤ ለመጠጥ ሌላ ይገዛ።

ለዕድርና ለማኅበር ዕቃ የምትገዙ ኮሚቴዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጋራ በርሜል በብዙ እጅ ያልፋል፤ ዛሬ ጠላ የያዘው ነገ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ ከነገ ወዲያ ኖራ ይበጠበጥበታል። ከገዛችኋቸው በርሜሎች ሁለቱን ሦስቱን ለይታችሁ፣ የምግብ ምልክት ያለባቸው መሆናቸውን አይታችሁ፣ ክዳናቸው ላይ በማይለቅ ቀለም «ለመጠጥ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያንንም በዕቃ መዝገባችሁ ላይ አስፍሩት።