ደም ሳይፈስ በፊት የሚሠራ ሥራ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ጽንስ ለማቋረጥ ሕግ የሚፈቅድላት ሴት እርግዝናዋ ገና ከሆነ ጤና ጣቢያ ትረዳለች። ሦስት ወር ካለፈ ግን ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታል ትሄዳለች። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ከሚሰጡትና ለሐኪሞች ከሚያስተምሩት ተቋማት አንዱ ነው።

«እስካሁን የት ነበረች?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ከፈቀዳቸው ምክንያቶች አንዱ የጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ የሚታየው በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ነው። የተደፈረች ልጅም ሆዷ እስኪገፋ ለእናቷ እንኳ ሳትናገር ልትከርም ትችላለች። እንዲህ ያለችዋ ሴት የሚያስፈልጋት ወቀሳ ሳይሆን ደም እንዳይፈሳት የሚጠነቀቅላት ባለሙያ ነው።

እርግዝና በገፋ ቁጥር ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ይበዛል። ማህፀን ባዶ ሲሆን ጡንቻው ተኮማትሮ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ጭምቅ አድርጎ ይዘጋል። ካልተኮማተረ፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ከቀረ ወይም የማህፀን በር ከተቀደደ ደሙ አይቆምም።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «በኦፕራሲዮን ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። የእንግዴ ልጁ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ሲላቀቅ ደሙ ይጎርፋልና፣ ይህንን በአልትራሳውንድ አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ደም ማነስ እንዳለባት ይመረመራል፣ የደም ዓይነቷ ይለያል።

ከዚያ የማህፀን በር ይዘጋጃል። ለእኔ የሥራው ሁሉ እምብርት ይህ ነው። በመሣሪያ የሚሠራ ከሆነ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በፊት ሚሶፕሮስቶል ወይም ሚፌፕሪስቶን የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል፤ አለዚያ የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ በማህፀኗ በር ትገባለች። ዘንጓ የሰውነትን እርጥበት እየመጠጠች ቀስ በቀስ ታብጣለች፤ በሩም ሳይቀደድ ይከፈታል። ደጅ የሚጠብቀው ቤተሰብ «ቶሎ ጨርሱላት» እያለ ይጨነቃል። ያቺ ዝም ብላ የተኛችበት ሰዓት ግን የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ ከመቀደድ የምትድነው በእርሱ ነው።

ለሕክምናው በሚሰጣት ማደንዘዣ ላይ ጥቂት ቫዞፕሬሲን ሲጨመርበት የደም ሥሮችን ያጠብባል። ኦክሲቶሲንም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ18 እስከ 24 ሳምንት ባለው እርግዝና በደም ሥር አስቀድሞ ሲሰጥ መድማትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚከታተል ሰው ከሌለ ጉልበቱን ያጣል።

ሲያበቃም የወጣው የእንግዴ ልጅ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሙሉ መሆኑ በዓይን ይታያል። ነርሷ ከእምብርት በታች በእጇ ትዳስሳለች፤ ማህፀኑ ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ለስላሳ ከሆነ ታሸዋለች፣ መድኃኒት ይጨመራል፤ ካልበቃም በካቴተር ጫፍ ላይ የታሰረ ኮንዶም ማህፀን ውስጥ ገብቶ በውኃ ይሞላል፣ ደሙንም ከውስጥ ተጭኖ ይይዛል።

ወደ ቤቷ ስትሸኝ ይነገራታል፦ በሰዓት ሁለት ሞዴስ እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ራሷን ካዞራት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ትመለስ።