የፈረስ እሽቅድምድም በቤት ውስጥ፦ ከመክፈል በፊት ዲሹን ማየት

ከምካሌስ እስከ ቤይሩት የፈረስ መሮጫ ሜዳ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። በኦቶማን ዘመን ማብቂያ የተመሠረተው ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1982 የእስራኤል ወረራ ክፉኛ ተጎድቶ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ዳግም ተከፍቷል፤ ዝናውም በዓረብ ዘር ፈረሶች ነው። ይሁንና በሜዳው በገንዘብ ይወራረዱበታል፤ ስለዚህ ከቁማር የሚርቅ ሙስሊም ፈረሶቹን ከቤቱ ሆኖ ማየትን ቢመርጥ አያስገርምም።

ለዚህ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ ያለው ጥቅል መግዛት ግድ አይደለም። «ዱባይ ሬሲንግ» የተሰኘው ጣቢያ ያለ ክፍያ በናይልሳት ይተላለፋል። በዱባይ መሮጫ ውርርድ የተከለከለ በመሆኑም ተመልካቹ የሚያየው ውድድሩን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውና 12 ሚሊዮን ዶላር የሚያሸልመው የዱባይ የዓለም ዋንጫ የሚካሄደውም በዚያው ነው።

ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ከቤይሩት ዲሹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። በረንዳው ወደ ሰሜን የሆነ ተከራይ ጣሪያውን ለመጠቀም የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ከሰፈር አከፋፋይ በገመድ የሚያገኝ ቤተሰብ ግን የሚደርሰው አከፋፋዩ የመረጠው ብቻ ነውና፣ ጣቢያው መኖሩን በዓይኑ ሳያረጋግጥ ባይከፍል ይሻላል።

የዱባይ ሰዓት በክረምት ከቤይሩት በሁለት ሰዓት ይቀድማል። በዱባይ ምሽት የሚደረገው ዋና ውድድር በምካሌስ አመሻሽ ላይ ስለሚውል፣ የሕንፃው ጄኔሬተር በዚያ ሰዓት መሥራቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።