ተማሪም ሠራተኛም፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበራት ጥቅምና ዋጋ

ዩኒየን ሲባል አርሶ አደሩ ቀድሞ የሚያስታውሰው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያቀርብለትን የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችም ዩኒየን አላቸው፤ የእነርሱ ግን የሠራተኛ ማኅበር ነው።

እነዚህ ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጎን ለጎን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፣ ፈተና ያርማሉ፣ በቤተ ሙከራ ምርምር ያካሂዳሉ፤ ለዚህም ክፍያ ያገኛሉ። ተማሪ ናቸው ወይስ ሠራተኛ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህራን እ.አ.አ በ1970 የኅብረት ስምምነት ተፈራርመዋል። በግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን የአገሪቱ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ እ.አ.አ በ2004 የነፈጋቸውን የመደራጀት መብት የመለሰላቸው በ2016 ነው።

የመደራጀት ቀዳሚው ጥቅም የተሻለ ክፍያ ነው። እ.አ.አ በ2022 መጨረሻ 48 ሺህ ገደማ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ረዳት መምህራን ሥራ አቁመው ነበር። አድማው ከስድስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ሲቋጭ የረዳት መምህራን ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያ ከ23 ሺህ ዶላር ገደማ ወደ 34 ሺህ ገደማ በደረጃ እንዲያድግ ስምምነት ላይ ተደርሷል። ሁለተኛው ጥቅም አቤቱታ ማቅረቢያ መንገድ ማግኘት ነው። የምርምር አማካሪው አሠሪም በሚሆንበት ቦታ፣ ተማሪው ብቻውን ቅሬታ ማሰማት ይከብደዋል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ሄደው በተማሪ ቪዛ ለሚማሩ ወጣቶችም ይመለከታል። በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠሩ አይፈቀድላቸውም፤ ከግቢ ውጭ መሥራትም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የረዳትነት ክፍያው ለብዙዎቹ ዋና መተዳደሪያ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ብዙዎቹን ተማሪዎች ያቀፈው የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር ከክፍያቸው 1.44 በመቶ መዋጮ ይሰበስባል። አድማ ሲመታ ደመወዝ ሊቋረጥ፣ ፈተና ሳይታረም ሊቆይ፣ ምርምር ሊጓተት ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ገና ያልገቡ ተማሪዎች የሚከፍሉት ዋጋ ነው። የምርምር በጀቱ ሳያድግ ክፍያው ካደገ የሚቀጠሩት ረዳቶች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ በ2024 ለወራት ከዘለቀ አድማ በኋላ ስምምነት ፈረመ፤ በዚያው ዓመትም በበርካታ የማኅበራዊ ሳይንስና የሥነ ሰብ የሦስተኛ ዲግሪ መርሐ ግብሮች አዲስ ተማሪ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። ኃላፊዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ስምምነቱ ያስከተለው ወጪ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በዚህም ይሠራል፤ የኅብረቱ ፍሬ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ልጁን ወደዚያ የሚልክ ቤተሰብ የመግቢያ ደብዳቤውን ከመቀበሉ በፊት ክፍያው ለስንት ወር እንደሆነ፣ የጤና መድን እንዳለውና ምን ያህል መዋጮ እንደሚቆረጥ ቢጠይቅ ይጠቀማል።