ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ የሆድ ሕመም

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው የአባቶች ተረት፥ በችግር ላይ ሌላ ችግር ስለ ደረሰበት ሰው የሚነገር ነው። እንቅርቱን በኦፕራሲዮን አስወጥቶ ወደ ቤቱ ለተመለሰ ሰው ግን ተረቱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆንበታል። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ ሦስት ጉርሻ ሳይጨርስ ሆዱ ይሞላል፤ ጠዋት የበላው እስከ ማታ ያቅለሸልሸዋል። ቤተ ሰቡም «የታከመው አንገቱን፥ የታመመው ሆዱን፤ ይህስ ከወዴት መጣ?» እያለ ይጨነቃል።

በጭሮ፥ ማለት ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው ከተማ፥ እንዲሁም በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህን ነገር ማስረዳት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋ አገር ዝናም አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስደው፥ እንቅርት በደጋው ሰው ላይ ይበዛል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነው የኢትዮጵያ ልጆች መካከል ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት እንደ ነበረባቸው ገልጿል። ስለዚህም መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ነገር ግን አስቀድሞ አድጎ የአየር ቧንቧን የሚጫን እንቅርት ጨው ስለ ተበላ አይመለስምና፥ የሐኪም ምላጭ ያስፈልገዋል።

አንገትንና ሆድን የሚያገናኘው፥ ሐኪሞች ቫጉስ ብለው የሚጠሩት ነርቭ ነው። ትርጓሜው በላቲን ቋንቋ «ዘዋሪ» ማለት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሆኖ ከአንጎል ግርጌ ይነሣና፥ በአንገት ውስጥ ከታላላቆቹ የደም ሥሮች ጋር ጐን ለጐን ይወርዳል፤ ከዚያም ልብን፥ ሳንባን፥ ጨጓራንና አንጀትን ያዳርሳል። ከክሮቹም ከመቶው 80 የሚሆኑት የሆድ ዕቃን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ስለ ሆኑ፥ ከአዛዥነቱ ይልቅ መልእክተኛነቱ ያመዝናል። በሚኤሶ ላይ የስልክ ሽቦ ቢበጠስ ከአዲስ አበባ የተላከው ቃል ድሬዳዋ አይደርስም፤ ድሬዳዋ ግን ምንም አልሆነችም። የአንገት ነርቭ ሲጐዳም ጨጓራ እንዲሁ ነው።

ከዚህ ነርቭ የሚወጣ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ደረት ከወረደ በኋላ ተመልሶ ወደ ማንቁርት ይወጣል፤ መንገዱም እንቅርት በሚበቅልበት ዕጢ ጀርባ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌን ይህን ቅርንጫፍ በአሳማ ላይ ቢያስረው፥ አሳማው እየተንፈራገጠ ድምፁ ጠፋ። ስለዚህ ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ ነርቭ የተነካ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚታየው የድምፅ መጐርነንና ትንታ ነው። ዋናው ግንድ ራሱ መጐዳቱ እምብዛም አይደለም፤ ቢጐዳ ግን ጨጓራ ምግቡን ቶሎ አያወርድም። ነርቩ ተጐትቶ ብቻ እንደ ሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ የሆድ ሕመም ሁሉ ከነርቩ አይደለም። የማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው መድኃኒት ያቅለሸልሻል፤ ሆድም ያደርቃል። ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰውም የዕጢውን ምትክ ኪኒን ካልወሰደ አንጀቱ ይሰንፋል። ይህን ኪኒን በባዶ ሆድ በውሃ መዋጥ፥ ቡናንም ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ማቈየት ይገባል፤ የካልሲየም ኪኒን የታዘዘ እንደ ሆነ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ይሁን።

አሁን ወደ ቤት እመቤቶች እንመለስ። ባላገሩም ከተሜውም «አፈር ስሆን፥ ይህችን ብቻ» እያለ በሽተኛን በጉርሻ ማጨናነቁ ከፍቅር የመጣ ነው። ለዚህ በሽተኛ ግን ፍቅሩ ሸክም ይሆንበታል፤ እንቢ ቢል እንደ ንቀት ይቈጠርበታል፥ እሺ ቢል ያስመልሰዋል። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ከማጥገብ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል። ቅባት የበዛበት ወጥ ይቈይ። ቀጭን ውሃ ትን የሚለው ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ይቀለዋል። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላም በኋላ እስከ 2 ሰዓት አይጋደም። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋና ጨጓራን ስለሚያዘገይ፥ ሊጠይቁት የሚመጡ ወዳጆች ጫት ይዘው እንዳይመጡ አስቀድሞ መንገር መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራውን ምልክት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንገት በድንገት አብጦ ትንፋሽ ያጠረ እንደ ሆነ፥ ከንፈርና ጣት እየነዘረ እጅ የተኰማተረ እንደ ሆነ፥ ትንታው ከሳልና ከትኩሳት ጋር የመጣ እንደ ሆነ፥ ወይም ውሃ እንኳ በሆድ የማይረጋ እንደ ሆነ፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በጭሮም በገለምሶም ሆስፒታል አለ።

ብዙ ሰው ግን ስለ ሆዱ ለአንገቱ ሐኪም መንገር ነውር ወይም ከንቱ እየመሰለው ዝም ይላል፤ ቤተ ሰቡም ቡዳ ነው እያለ ሌላ መድኃኒት ይፈልግለታል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋልና፥ ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም የሆዱንም ነገር ይስማ። ያችን አንዲት ቃል ለሐኪሙ መንገር በሽተኛውን ከወራት ሥቃይ ታድነዋለች።